በቅቤ የታሸው ፍሬን

ሞጣ ውስጥ ለፍሬን ጥገና ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ አመሌን ያውቃል። ጎማ ፈትቼ የፍሬን ሸራ ሳወጣ አጠገቤ ሰው አላስቆምም። ደንበኛም ይሁን ጓደኛ «ወዲያ ሄደህ ተቀመጥ» ነው የምለው። አንዳንዱ ሙያውን እንዳንሰርቀው ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሰውዬው ሲያረጅ ከፋ ይላል። ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም። ምክንያቱን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገረው ነውና ታግሣችሁ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነው። እኔ የአምበር ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁም፤ መሪ ስይዝ ዓለም ሁሉ መንገድ የሚለቅልኝ የሚመስለኝ፣ ፀጉሬን በመስታወት ሳላይ ሞተር የማላስነሣ ጎረምሳ ነበርሁ። በፍሬን ግን አልታማም። ሙያውን ያስተማረኝ መካኒክ «ሞተር እምቢ ቢል መንገድ ላይ ያስቀርሃል፤ ፍሬን እምቢ ቢል ግን ይወስድሃል» ይል ነበር፤ ይህን ነገር ከአባታችን ሆይ እኩል ነበር የያዝሁት።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አንድ የሞጣ ነጋዴ የእህል ወፍጮ ገዝቶ፣ ሞተሩንና ድንጋዮቹን ከቢቸና ሞጣ እንዳደርስለት ቀጠረኝ። ጭነቱን የምነዳት ላንድሮቨር ብቻዋን አትችለውም፤ ከኋላዋ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ተቀጥሎ እሱ ላይ ተጫነ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ነበረው፤ ነገር ግን ከሾፌሩ እግር ጋር አልተገናኘም። ከተሳቢው ፊት የቆመ ረጅም የብረት ዘንግ አለ። ቁልቁለት ሲመጣ እዚያ የተቀመጠ ሰው ዘንጉን ወደ ራሱ ይስባል፤ ያን ጊዜ ጎማው ውስጥ ያለው ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ ጨምድዶ ይይዛል። ሸራው ካልያዘ ተሳቢው መኪናዋን ከኋላ እየገፋ ገደል ይከታታል ማለት ነው። ዘንጉን የሚስብልኝ ረዳቴ ዓባይ በረሃ የያዘው ወባ ተነሥቶበት ቢቸና ተኝቶ ቀረ።

ሌላ ሰው ልፈልግ ስል ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ያን መንገድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዝናብ አንዴ ከጣለ ያ ጥቁር አፈር መኪና አያሳልፍም፤ እስከ መስከረም ወፍጮውም እኔም እዚያው ነን። ሜዳውን ብቻዬን ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ ሰው አላጣም ብዬ ተነሣሁ።

ጉንደ ወይን ሳይደረስ አንድ ረጅም ቁልቁለት አለ። አፋፉ ላይ ስደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ የተሳቢው ጎማም መንገዱን ሁሉ ሲያፏጭ ስለመጣ ቆምሁ። ከመንገዱ ዳር ካለው ግቢ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወጡ፤ አያ ውበቴ ይባላሉ። ከየት መጣህም ሳይሉኝ ለእግሬ ውሃ አዘዙ። ባለቤታቸው እማማ የውብዳር አጎንብሰው ሲያጥቡኝ በሐፍረት መግቢያ አጣሁ። ከወለዷቸው ልጆች የቀረላቸው አንድ ይኸነው ብቻ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ትከሻው እንደ በሬ የሰፋ፣ ሳቅ የሚቀድመው ሰው።

ሳይጨልም ጎማዎቹን አወጣሁ። የድሮው ሸራ እስከ ምስማሩ ድረስ አልቆ ነበር። አዲስ ይዤ ስለነበር ብረቱ ላይ ለወጥሁት፤ ጎማው ውስጥ መልሼ ለመግጠም ግን ብርሃኑ አልበቃኝም። ዝናብ እንዳያገኛቸው ብዬ ሸራዎቹን ቤት አስገብቼ ምሰሶው ሥር አኖርኋቸው። አያ ውበቴ አነሥተው ገላበጧቸውና «ምን ቁርበት ነው?» አሉኝ። ቁርበት እንዳልሆነ፣ ከውጭ አገር ተሠርቶ እንደሚመጣ፣ መኪናውን የሚያቆመው እሱ እንደሆነ ነገርኋቸው። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው መልሰው አስቀመጡት።

ራት ላይ ብዙ ተጫወትን። በእነሱ አገር እንግዳ የራሱን በቅሎ አያይም አሉኝ አያ ውበቴ። ውሃ የሚያጠጣት፣ ጀርባዋ ተልጦ እንደሆነ የሚያየው፣ የኮርቻውን ጠፍር ፈትሾ የደረቀውን በቅቤ የሚያሸው ያሳደረው ሰው ነው። እንግዳ ከቤት ወጥቶ ጠፍር ተበጥሶ ቢወድቅ ነውሩ የባለቤቱ ነው፤ ቤቱን ሦስት ትውልድ ይከተለዋል። ከዚያ «የአንተዋስ ምን ትበላለች?» ብለው ቀለዱብኝ። ቤንዚን አልሁ። እንዲህ ያለ ጠጪስ በደጃችን አላሰርንም ብለው ቤቱን አሳቁት።

ስለ ዘንጉና ስለ ረዳቴ ሳነሣ ይኸነው እኔ እሄዳለሁ አለ። የአንድ ቀን መንገድ ሆኖ ሞጣን አይቷት አያውቅም። አባቱ ወደ እኔ ዞሩና «ይህ ቁልቁለት ያለ የሌለውን ይበላል። ልጄን በምን አምኜ ልስጥህ?» አሉኝ። ሸራው አዲስ እንደሆነ፣ የኔም ሕይወት ከእሱ ጋር እንደሆነ ነገርኋቸው። ምሰሶው ሥር ወዳለው ነገር አየት አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የደከመኝ ሰው ነበርሁና ወዲያው ተኛሁ።

ጠዋት ተነሥቼ ሸራዎቹን ገጠምሁ። ከትናንቱ ጠቆር ያሉ መሰለኝ፤ ያ ቤት ጭስ ያልጠጣው ዕቃ የለውምና ጥላሸት ነው ብዬ ጠረግ ጠረግ አድርጌ አለፍሁት። ከዚያ ይኸነውን ተሳቢው ላይ አስቀምጬ ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ነዳሁ። «ሳብ» ስለው ሳበ፤ ተሳቢው ቆመ። ደግሜ ሞከርሁት፤ አሁንም ቆመ። የቀዘቀዘ ሸራ ሜዳ ላይ የሚሠራውና የጋለ ሸራ ቁልቁለት ላይ የሚሠራው አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የማላውቀው ሸራው ምን እንደጠጣ ነበር።

ለይኸነው አንድ ትእዛዝ ሰጠሁት። እጄን በመስኮት አውጥቼ እስካወዛውዝልህ ድረስ ዘንጉን እንዳትለቅ አልሁት። እጄ ይቆረጣል እንጂ አልለቅም አለኝ። እማማ የውብዳር በሩ ላይ ቆመው አማተቡብን። አያ ውበቴ የተሳቢውን ጎማ እንደ ከብት ጎን ቸብ ቸብ አደረጉትና ሸኙን።

በአንደኛ ማርሽ ጀመርን። የመጀመሪያው ኩርባ መልካም ነበር፤ ከኋላ ሲይዝልኝ ይሰማኝ ነበር። ሁለተኛው ኩርባ ጋ ስንደርስ ቅቤ ሸተተኝ። ልክ እቤት ሲነጠር እንደሚሸተው። የት ቤት ነው በጠዋት ቅቤ የሚያነጥረው ብዬ በመስኮት አየሁ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ድንጋይ ነው፤ ቤት የለም። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ከተሳቢው ጎማዎች ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

ያን ጊዜ ተሳቢው ገፋኝ። መጀመሪያ እንደ ሰው ትከሻ ቀስ አድርጎ፣ ቀጥሎ ያለ ይሉኝታ። የመኪናዋን ፍሬን ረገጥሁ፤ ሁለቱን መያዝ አቃታት። ይኸነው ተነሥቶ ሁለት እግሩን ከፊቱ ሳንቃ ላይ ተክሎ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ዘንጉን ይስባል። እጄን አውጥቼ አወዛወዝሁ። እንዲለቅ፣ እንዲዘል። አላየኝም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚስበው። ጥሩምባ ነፋሁ። ጥሩምባውን አበርታ ያልሁት መስሎት መሰለኝ፣ ይበልጥ ተለጠጠ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ተሳቢው ወደ ጎን ዞረ፣ ማያያዣው ተሰበረ፤ መኪናዋ ከድንጋዩ ጋር ተላትማ ቆመች። ተሳቢው ወፍጮውንና ይኸነውን ይዞ ወደ ግራ ወረደ።

እየሮጥሁ ወረድሁ። ተሳቢው ዛፍ ይዞት ተገልብጦ ቆሟል፤ ይኸነው ከወገቡ በታች ከሥሩ ነው። ማዶ ሲያርሱ የነበሩ ሰዎች በሬዎቻቸውን ትተው መጡ፤ አንሥተን አወጣነው። ነፍሱ አለች። እንደ ሰው ይናገራል፤ እንዲያውም ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ሕመም አልተሰማውም።

«አልለቀቅሁትም» አለኝ። «እሱ ነው እምቢ ያለው።»

«አውቃለሁ» አልሁት። «አንተ ያጎደልኸው የለም።»

ሰዎቹ ቃሬዛ እስኪያበጁ ወደ ተሳቢው ሄድሁ። የጎማው ታምቡር አሁንም ይግላል። በጠርዙ በኩል ቡናማ ነገር እየፈሰሰ ነበር። በጣቴ ነክቼ አሸተትሁት። ቅቤ ነው። ማን ይሆን ብዬ እንኳ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ አባቱ ከላይ ሲወርዱ ድምፃቸው ተሰማ።

ጤና ጣቢያ ያለው ሩቅ ነው፤ መኪናዋም አትነሣም። ቢያንስ እናቱ ዘንድ እናድርሰው ተባለና ዳገቱን ተያያዝነው። ሰው እየተቀያየረ ይሸከማል። አያ ውበቴ የልጃቸውን እጅ ይዘው ከቃሬዛው ጎን ይሄዳሉ፤ አላለቀሱም። እኔ ከኋላ ነኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ለማረፍ ሲያስቀምጡት ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር።

«አትጨነቅ ልጄ፤ አንተ ያጠፋኸው የለም» አሉኝ። «እኔም ማታ ስትተኙ ያን ቁርበት ባየው ደርቋል። ልጄ የሚያምነው እሱን ነው ብዬ በለጋ ቅቤ አሸሁት፤ እሳት ዳር ይዤ እስኪጠጣ ድረስ አሸሁት። እንግዲህ ምን የቀረ ነገር አለ? የእግዜር ቁጣ ነው እንጂ።»

ጎንበስ ብዬ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝሁ። እኚህ ሰው የሚያውቁትን ደግነት ሁሉ፣ የአባቶቻቸውን ወግ ሁሉ፣ በእጃቸው አሽተው ለልጃቸው ሰጥተውት ነበር። ይኸነው አፋፉ ላይ ሳንደርስ ሞተ። እናቱ ከሩቅ አይተው ነበርና ማንም ሳይነግራቸው ጩኸታቸውን ለቀቁት። ያን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ።

በዚያች ሰዓት ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ፤ እኚህ ሽማግሌ ይህን ነገር በሕይወታቸው አያውቁትም። በሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም። የእናቱ ወንድም ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ አያ ውበቴ በመካከላችን ቆመው «ከቤቴ ያደረ እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ እኔን» አሉት። በማግሥቱ ፖሊሶች መጥተው ቢቸና ወሰዱኝ። ከቢቸና ሆኜም የማስበው ያንኑ ነበር።

ክረምቱ ገባ፤ ተሳቢው በገደሉ ውስጥ ቀረ፤ ታምቡሩን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። ዐቃቤ ሕጉ በፍጥነት ነድቶ ሰው ገደለ ብሎ ከሰሰኝ። አያ ውበቴ መከላከያ ምስክር ልሁንለት ማለታቸውን ስሰማ ቅቤውን እንዳያነሡት ፈራሁ። ባክዎ ይቅሩ፣ አይድከሙ እያልሁ መልእክት ብልክም አልሰሙኝም። በቀጠሮው ቀን በዝናብ መጥተው ችሎቱ ፊት ቆሙ።

ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። ጎማውን እንዴት እንዳወጣሁ፣ አዲስ ሸራ እንደቀየርሁ፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ እንደሞከርሁት። ዐቃቤ ሕጉ እርስዎ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ አላቸው። ቀና ብለው «ስለ መኪና አላውቅም፤ ስለ እንግዳ ግን አውቃለሁ። የደረቀው ነገር እንኳ አላመለጠኝም፤ በእጄ ነው ቅቤ ያሸሁት» አሉ። ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሰማቸው። የይኸነው አጎት ሰማ። ዳኛው ጻፉት። ማንም ምንም አልመሰለው፤ እንደ ሽማግሌ ወሬ አለፉት።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ምስክሩን የምትጠይቀው አለህ?»

አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ምኑን ነው ያሹት ብዬ ብጠይቅ፣ አንድ መካኒክ ተጠርቶ ቢመጣ፣ በማግሥቱ አገሬ አምበር እገባ ነበር። አያ ውበቴ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ያዩኛል፤ እንደረዱኝ እርግጠኛ ናቸው፤ እንዲያውም ፈገግ ሊሉልኝ ይቃጣቸዋል። እናትየዋ ጥቁር ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«የለኝም» አልሁ። «ቁልቁለቱን በፍጥነት ወርጃለሁ።»

ተፈረደብኝና ቢቸና ወህኒ ቤት ገባሁ። እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት፤ አንድ ትልቅ ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። አያ ውበቴ በገበያ ቀን ለሽያጭ ያመጡትን ሲጨርሱ ቆሎና ድርቆሽ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። እማማ የውብዳር ግን አንድ ቀን እንኳ አልመጡም። ሰውዬው ወደ እኔ መምጣታቸውንም ደብቀዋቸው ነው የሚመጡት። ይገባቸዋል እል ነበር በልቤ፤ እኔን ቢጠሉ ይሻላል። ሁለተኛው ክረምት ላይ እማማ የውብዳር ሞቱ፤ አያ ውበቴ ፀጉራቸውን ተላጭተው መጥተው ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጠፉብኝ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አንድ ቀን ተጠራሁ። ምንም አልያዙም። ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ አድርገው ጀመሩ። ገበያው ዳር አንድ ሾፌር ጎማ ፈትቶ ሲሠራ አዩ። ያው ቁርበት መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ደረቅ ነው። ለገበያ ካመጡት ቅቤ በጣታቸው ቆርሰው ልሽልህ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሾፌሩ እጃቸውን አፈፍ አድርጎ ይዞ «አባት፣ ሰው ሊገድሉ ነው እንዴ?» አላቸው። ለምን ብለው ጠየቁት። እሱም እንደ ደግ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሸራ የሚይዘው ደረቅ ሲሆን ነው፣ ቅቤ የጠጣ እንደሆነ ሲግል ያንሸራትታል ብሎ አስረዳቸው።

«ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቃሬዛው።»

ዳኛው ዘንድ ቀርበው መናገራቸውን፣ ነገሩም እንደገና እንደሚታይ ነገሩኝ። እውነትም ብዙ ሳይቆይ ተለቀቅሁ። እኔ ግን ያን ዕለት ስለ መፈታት አልሰማሁም፤ እያለቀስሁ፣ እንዳይጎዱብኝ ብዬ ነው፣ ለእርስዎ አዝኜ ነው አልኋቸው። እሳቸው አላለቀሱም። ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉ።

«የውብዳር አንተን እንደጠላች ሞተች» አሉኝ። «ብትነግረን ኖሮ እኔን ትጠላ ነበር። አንድ ዓመት ትጠላኝ፣ ሁለት ዓመት ትጠላኝ፤ ኋላ ግን ትታረቀኝ ነበር፤ ስንቱን ስትታረቀኝ ኖራለች። አሁን በልጄ ደም ማን ያስታርቀኝ?»

ሄዱ። ከተፈታሁ በኋላ እቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር፤ በሩ ተዘግቷል፣ ወደ አንድ ገዳም ገብተዋል አሉኝ፤ የትኛው እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔም ሞጣ ገብቼ ይችን የፍሬን ሥራ ጀመርሁ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ ጽድቅ ሠራህ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ። አያ ውበቴ የማያውቁትን ነገር በደግነት ነኩት፤ እኔም የሁለት ሰዎችን ሐዘን፣ የባልና የሚስትን ነገር፣ ምኑንም ሳላውቅ በደግነት ነካሁት። እሳቸው በጊዜው ስላላወቁ ይቅር የሚላቸው ሰው ፈልገው አጡ። የእኔን እንጃ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው አዝኜለት እውነት ደብቄ አላውቅም፤ በዚህም ብዙ ወዳጅ አጥቻለሁ። ወፍጮው በመጨረሻ ከገደሉ ወጥቶ፣ ተጠግኖ ሞጣ ገብቷል። ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ እህል ላስፈጭ ወደዚያ አልሄድሁም።